በር ጠባቂም ጠባቂ ያሻዋል

ሰው ቤት ሠርቶ ንብረቱን ካገባ በኋላ አስቀድሞ የሚያስበው ስለ አጥሩና ስለ በሩ ነው። አጥሩ የቱን ያህል ቢጠነክር በሩ ካልተጠበቀ ድካሙ ከንቱ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ስለዚህም በር ጠባቂ ይቀጥራል። ነገር ግን በር ጠባቂውን ከቀጠረ በኋላ ልቡን ጥሎ የሚተኛ ባለቤት ብዙ ነው። ጠባቂው ዓይኑ ፈዝዞ እንደ ሆነ፣ የተሰጠው ትእዛዝ አርጅቶ እንደ ሆነ፣ ሌባ መግቢያውን አውቆበት እንደ ሆነ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ዛሬ ልንጽፍበት ያሰብነው ነገር ይኸው ነው። በርና ጠባቂ ማለታችንም የእንጨቱን በርና ሰውን ጠባቂ ሳይሆን፣ የየመሥሪያ ቤቱ ኮምፒዩተሮች ከኢንተርኔት መረብ ጋራ በሚገናኙበት መንገድ ላይ የሚቆመውን መሣሪያ ነው።

ይህ መሣሪያ በሞያው ቋንቋ ፋየርዎል ይባላል፤ ሥራውም የኬላ ሥራ ነው። በቀድሞው ዘመን ሲራራ ነጋዴ ከአገር ወደ አገር ሲያልፍ በኬላ ቆሞ፣ ከየት እንደ መጣ፣ ወዴት እንደሚሄድ፣ ምን እንደ ጫነ ተጠይቆ ያልፍ እንደ ነበረ ሁሉ፣ ከኢንተርኔት የሚመጣውም መልእክት በዚህ መሣሪያ ፊት ይቆማል። መሣሪያውም መርምሮ የተፈቀደለትን ያሳልፋል፤ ያልተፈቀደለትን ይመልሳል። ከዚህም በላይ፣ ከቢሮው ርቆ ያለ ሠራተኛ በይለፍ ቃሉ ወደ መሥሪያ ቤቱ መዝገብ የሚገባበትን ስውር መንገድ የሚከፍተውና የሚዘጋው ብዙውን ጊዜ ይኸው መሣሪያ ነው። ስለዚህ የኬላ ሹም ብቻ ሳይሆን ቁልፍ ያዥም ነው።

ብዙ ሰው ግን ይህን መሣሪያ እንደ ድንጋይ ግንብ ይቈጥረዋል፤ ስሕተቱም የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። የድንጋይ ግንብ አንድ ጊዜ ከተሠራ ብዙ ዘመን ሳይነካ ይቆማል። ፋየርዎል ግን ከላይ ሲያዩት ብረት ቢመስልም በውስጡ ራሱ ኮምፒዩተር ነው፤ የሚሠራውም ፋብሪካው በውስጡ ጽፎ በሰጠው ትእዛዝ ነው። ይህ የውስጥ ትእዛዝ ፈርምዌር ይባላል። እጅግ ረዥም ስለ ሆነና የጻፉትም ሰዎች ስለ ሆኑ ስሕተት አያጣውም። ቁም ጸሐፊ ምንም ቢጠነቀቅ በአንዱ ገጽ አንዲት ፊደል መሳቱ፣ በሌላው አንድ መስመር መዝለሉ አይቀርም፤ መልካም አራሚ ግን ይህን ሲያገኝ ፍቆ ያቃናዋል። ፋብሪካውም እንዲሁ ስሕተቱን ባገኘ ጊዜ የታረመውን ጽሑፍ አዘጋጅቶ፣ በአሮጌው ፈንታ እንዲያስገቡት ለደንበኞቹ ያስታውቃል። ልዩነቱ ይህ ነው፤ በመጽሐፍ ውስጥ የቀረ ስሕተት አንባቢን ያሰናክላል እንጂ በር አይከፍትም፤ በፈርምዌር ውስጥ የቀረ ስሕተት ግን ጠባቂው ባላሰበበት በኩል ለሌባ ቀዳዳ ይሆናል።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ነገር አለቆች ሁሉ አጥብቀው እንዲያስተውሉት እንወዳለን። የእርማቱ መታወጅ ለባለቤቱ መድኃኒት ሲሆን ለሌባውም ምልክት ነው። የታረመውንና ያልታረመውን ቅጂ ጎን ለጎን ዘርግቶ የሚያነጻጽር ሰው ስሕተቱ ከየት ላይ እንደ ነበረ ያገኘዋል፤ ክፉ አድራጊዎችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ስለዚህ እርማቱ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ያላረመ ሁሉ፣ የቤቱ ቀዳዳ በአደባባይ እንደ ተነገረበት ሰው ይሆናል።

«ከዚህ ሁሉ ዓለም እኔን ማን ያገኘኛል?» የሚል ቢኖር ደግሞ መልሱ ቀላል ነው። በ2005 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ እንደ ኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው) በአሜሪካ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ዚማፕ የተባለ መፈለጊያ ሠርተው፣ በአንድ ኮምፒዩተር ወደ አራት ቢሊዮን የሚጠጉትን የኢንተርኔት አድራሻዎች በ45 ደቂቃ ውስጥ አንኳኩቶ መጨረስ እንደሚቻል አሳይተዋል። ሊቃውንቱ ይህን ያደረጉት ለምርምር ነው፤ ሌባ ግን በዚሁ መንገድ ይጠቀማል። እንግዲህ ትንሽ መሆን ወይም ሩቅ መሆን መደበቂያ አይሆንም፤ በየበሩ የሚያንኳኳው ሰው ሳይሆን መሣሪያ ነውና አይደክመውም።

ነገሩ የሩቅ ፍርሀት ብቻ እንዳይመስል በዴንማርክ አገር የሆነውን እንናገር። በዚያ አገር ለሕዝብ የኤሌክትሪክና የሙቀት አገልግሎት ከሚሰጡት ኩባንያዎች ብዙዎቹ፣ በታይዋን የሚገኘው ዛይክስል የተባለ ፋብሪካ የሠራውን ፋየርዎል በበራቸው አቁመው ነበር። በሚያዝያ 17 ቀን 2015 ዓ.ም. ፋብሪካው በአንዳንድ መሣሪያዎቹ ፈርምዌር ውስጥ ከባድ ስሕተት መገኘቱን አስታውቆ እርማቱን አወጣ። የስሕተቱም ክብደት ከ10 ነጥብ 9.8 ሆኖ ተመዘነ። በዚህ ቀዳዳ ለመግባት የይለፍ ቃል ማወቅ አያስፈልግም ነበር፤ በተንኰል የተዘጋጀ አንድ መልእክት ብቻ ወደ መሣሪያው ቢላክ፣ መሣሪያው የላኪውን ትእዛዝ እንደ ጌታው ትእዛዝ አድርጎ ይፈጽም ነበር። የነዚህ ኩባንያዎች የጋራ የጥበቃ ድርጅት የሆነው ሴክቶርሰርትም በሚያዝያ 23 ቀን፣ እርማቱን ሳይውሉ ሳያድሩ እንዲያስገቡ አባሎቹን አስጠነቀቀ።

በግንቦት 3 ቀን፣ ይኸውም እርማቱ ከወጣ በ16ኛው ቀን፣ የተፈራው ደረሰ። ክፉ አድራጊዎቹ 16 ኩባንያዎችን መርጠው መልእክቱን ላኩ፤ የ11ዱም ፋየርዎል ወዲያውኑ ተያዘ። ጠባቂ የተባለው መሣሪያ ራሱ አሠራሩንና የተጠቃሚዎቹን ስም ለሌባ አስረከበ። በግንቦት 14 ቀን ሁለተኛ ማዕበል ተከተለ፤ በጠቅላላው የ22 ኩባንያዎች በር ተደፈረ። አንዳንዶቹም ከኢንተርኔት ፈጽመው ተቋርጠው፣ በባሕር መካከል እንዳለ ደሴት ለብቻቸው ለመሥራት ተገደዱ። ድርጅቱ በየኩባንያው መረብ ላይ አስቀድሞ መመልከቻ አቁሞ ስለ ነበረ፣ አደጋውን አይቶ ፈጥኖ ስለ ደረሰ፣ የሕዝቡ መብራትና ሙቀት አልተቋረጠም። አድራጊው ማን እንደ ሆነ ብዙ ጥርጣሬ ቢነገርም፣ ሪፖርቱ ማንንም በእርግጥ ይህ ነው ብሎ አልወሰነም።

ለኛ ግን ከአደጋው ታሪክ ይልቅ የሚጠቅመን፣ ኩባንያዎቹ ማስጠንቀቂያው ደርሷቸው ሳለ ሳያርሙ የቆዩበት ምክንያት ነው። ድርጅቱ በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ባወጣው ሪፖርት አራት ምክንያቶችን ቈጥሯል። አራቱንም ላስተዋላቸው ሰው የዴንማርክ ብቻ አይደሉም፤ መሥሪያ ቤት ባለበት አገር ሁሉ የሚገኙ ናቸው።

መጀመሪያው ምክንያት የገንዘብ ነው። እርማቱ ራሱ ያለ ዋጋ የሚሰጥ ነበር፤ ነገር ግን መጥቶ የሚያስገባው ባለሞያ ዋጋ ስለሚጠይቅ አንዳንዶቹ ይቅርብን አሉ። ይህ ቁጠባ አይደለም። ለዘበኛ ደመወዝ የከፈለ፣ ለበሩ ቁልፍ የገዛ ሰው፣ የተሰበረውን ቁልፍ ለማሠራት ጥቂት ብር ቢሰስት አስቀድሞ ያወጣውን ሁሉ እንደ ጣለው ይቈጠራል። መሣሪያ ሲገዛ የመግዣው ዋጋ ብቻ በበጀት ተይዞ የየዓመቱ ማደሻ ከተረሳ፣ ግዥው ገና ከመጀመሪያው ጎዶሎ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት «መሣሪያችን አዲስ ነው» የሚል አሳብ ነው። አዲስ የተገዛ ዕቃ ግን ከፋብሪካ ወጥቶ በመርከብ ተጭኖ፣ በመጋዘን ተቀምጦ እስኪደርስ ድረስ በውስጡ ያለው ጽሑፍ ያረጃል። የብረቱ አዲስነት የትእዛዙን አዲስነት አያስረዳም። ስለዚህ መጠየቅ የሚገባው «መቼ ተገዛ?» ተብሎ ሳይሆን «መቼ ታረመ?» ተብሎ ነው።

ሦስተኛው ምክንያት «ይህ የሻጩ ሥራ ነው» የሚል ነው። ሻጩ ደግሞ ውሉን ገልጦ «እኔ ዕቃ ሸጥሁ እንጂ ጥበቃ አልተዋዋልሁም» ይላል። በሁለቱ መካከል በሩ ክፍት ሆኖ ያድራል። ከአራቱ ምክንያቶች ሁሉ ይህ የባሰ መሆኑን እናምናለን፤ ምክንያቱም በገንዘብ እጦት ያልታረመ መሣሪያ ጉድለቱን የሚያውቅ ባለቤት አለው፤ ሁለት ሰዎች እርስ በርሳቸው ያመካኙበት መሣሪያ ግን ባለቤት የለውም።

አራተኛው ምክንያት ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቅ ነው፤ አንዳንዶቹ ኩባንያዎች እንዲህ ያለ መሣሪያ በመረባቸው ላይ መኖሩን ፈጽሞ አያውቁም ነበር። አንድ ሥራ ተቋራጭ ለሌላ ጉዳይ መጥቶ ተክሎት ሄዷል፤ ወይም በመዝገብ ሳይገባ ቀርቷል። በኛ አነጋገር፣ ባለቤቱ የማያውቀው በር በአጥሩ ላይ ተከፍቶ ኖሯል ማለት ነው። ወንበሩና ጠረጴዛው በንብረት ክፍል መዝገብ ቍጥር ተሰጥቶት ሳለ፣ የመሥሪያ ቤቱን ምስጢር ሁሉ የሚጠብቀው መሣሪያ ሳይመዘገብ መቅረቱ የሚያሳዝን ነው።

እርማቱን በዘገየ ጊዜ ማስገባትም ብቻውን እንደማይበቃ ሌላ ምሳሌ አለ። ፎርቲኔት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ፎርቲጌት በሚባሉት ፋየርዎሎቹ ላይ የተገኘውን አንድ ስሕተት በግንቦት 2011 ዓ.ም. አርሞ አወጣ። ስሕተቱ ከውጭ ያለ ሰው የተጠቃሚዎችን ስምና የይለፍ ቃል እንዲያነብ የሚያደርግ ነበር። ከሁለት ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፣ በጳጉሜን 2013 ዓ.ም.፣ የ87,000 ያህል ፎርቲጌቶች የመግቢያ ቃል በአደባባይ ተዘርግቶ ተገኘ። ኩባንያውም እንዳስረዳው፣ ቃሎቹ የተሰረቁት መሣሪያዎቹ ሳይታረሙ በነበሩበት ጊዜ ነው፤ ባለቤቱ ኋላ እርማቱን ቢያስገባም እንኳ የይለፍ ቃሉን ካልለወጠ አደጋው አልራቀም። ሌባ ቁልፉን በሰም ቀርጾ ከወሰደ በኋላ በሩን ማደስ ምን ይጠቅማል? ቁልፉም መለወጥ አለበት።

ከዚህም የከበደ ነገር በኔዘርላንድ ታይቷል። የዚያ አገር የስለላ ድርጅቶች በጥር 2016 ዓ.ም. እንዳስታወቁት፣ በመከላከያ ሚኒስቴራቸው መረብ ላይ በፎርቲጌት ቀዳዳ በኩል የውጭ መንግሥት ሰላዮች ገብተው ነበር። በመሣሪያው ውስጥ የተከሉትም ክፉ ጽሑፍ መሣሪያው ተዘግቶ ሲከፈት የማይጠፋ፣ ፈርምዌሩ ሲታደስም የማይነቀል ሆኖ ተገኘ። በሰኔ ወር ደግሞ በዓለም ላይ እንዲህ የተደፈሩት መሣሪያዎች ከ20,000 እንደማያንሱ ተገለጠ፤ ከነዚህም 14,000ዎቹ የተያዙት ፋብሪካው ስሕተቱን ገና ሳያስታውቅ ነው። ከዚህ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛው፣ እርማት ወደፊት የሚመጣውን ሌባ ይከለክላል እንጂ አስቀድሞ ገብቶ የተደበቀውን አያስወጣም፤ ስለዚህ የዘገየ ሰው ካረመ በኋላ ቤቱን መፈተሽ ይገባዋል። ሁለተኛው፣ የተደፈረው መረብ ከ50 ያነሱ ሰዎች የሚሠሩበት የምርምር መረብ ሆኖ ከሌላው የሚኒስቴሩ መረብ ተለይቶ የቆመ ስለ ነበረ ጉዳቱ ከዚያ አልዘለቀም። በአንድ ግቢ ውስጥ የየቤቱ በር ለየብቻው እንደሚቆለፍ ሁሉ፣ መረብም በክፍል በክፍሉ መለየት ይገባዋል።

መሣሪያውም እንደ ሰው ጡረታ አለው። ፋብሪካው ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ለአሮጌው ዕቃ እርማት ማውጣቱን ያቆማል፤ ከዚያ ወዲያ የሚገኘው ስሕተት ሁሉ ፈውስ የሌለው ቁስል ይሆናል። የአሜሪካ መንግሥት የሳይበር ጥበቃ መሥሪያ ቤት በመስከረም 15 ቀን 2018 ዓ.ም. ለመንግሥቱ ቢሮዎች አስቸኳይ ትእዛዝ የሰጠው በዚህ ነገር ነው። ሲስኮ የሠራቸው አንዳንድ ፋየርዎሎች ተደፍረው ነበር፤ ሰርጎ ገቦቹም የመሣሪያውን መነሻ ጽሑፍ ለውጠው ከእድሳት የሚተርፉበትን መንገድ አበጅተው ነበር። ትእዛዙ ቢሮዎቹ መሣሪያዎቻቸውን ቈጥረው፣ መርምረው፣ እርማት ያላቸውን በማግሥቱ እንዲያርሙ፤ የፋብሪካ ድጋፋቸው እስከ መስከረም 20 ቀን የሚያበቃውን ግን እስከዚያው ቀን ድረስ ከመረቡ ነቅለው ለዘወትር እንዲያወጡ የሚያስገድድ ነበር። ገና የሚሠራ መሣሪያ መጣል ለንብረት ክፍል ሹም ይከብደዋል። ነገር ግን መሥራቱ ሌላ፣ መጠበቁ ሌላ ነው፤ መብራቱ እየበራ በሩን ለሌባ የሚከፍት መሣሪያ አለ ከማለት የለም ማለት ይሻላል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ነገሩ የባለሞያ ብቻ መስሎ ከታየ አለቃው እጁን ይሰበስባል። በእውነቱ ግን ከሥራው የሚበልጠው ክፍል የአስተዳደር ሥራ ነው፤ ለዚህም ፊርማና ትእዛዝ እንጂ የኮምፒዩተር ትምህርት አያስፈልገውም።

አንደኛ፣ መሥሪያ ቤቱ በመረቡ ላይ ያሉትን ፋየርዎሎች ሁሉ ይመዝግብ፤ በመዝገቡም የመሣሪያው ዓይነት፣ የፈርምዌሩ ቍጥር፣ መጨረሻ የታረመበት ቀንና የፋብሪካው ድጋፍ የሚያበቃበት ቀን ይጻፍ። ሠራተኛ ሲዛወር ይህ መዝገብ እንደ ገንዘብ ሣጥን ቁልፍ በርክክብ ይተላለፍ።

ሁለተኛ፣ ለእያንዳንዱ መሣሪያ አንድ ተጠያቂ ሰው በስሙ ይመደብ፤ ለእርሱም ምትክ ይኑረው። ሥራው ለውጭ ድርጅት የተሰጠ እንደ ሆነ፣ እርማት ከወጣ በስንት ቀን ውስጥ እንደሚገባ በውሉ ላይ በግልጥ ይጻፍ።

ሦስተኛ፣ የማደሻውና የመተኪያው ወጪ ከግዥው ጋራ በየዓመቱ በበጀት ይያዝ።

አራተኛ፣ የመሣሪያው ማዘዣ ገጽ ከኢንተርኔት የማይታይ ይሁን፤ ከሩቅ የሚገቡትም ሠራተኞች ከይለፍ ቃል በላይ ሁለተኛ ማረጋገጫ እንዲጠየቁ ይደረግ።

አምስተኛ፣ በመሣሪያው በኩል ያለፈው ሁሉ የሚጻፍበት መዝገብ ከመሣሪያው ውጭ በሌላ ስፍራ ይቀመጥ፤ የተያዘ ጠባቂ ስለ ራሱ የሚሰጠው ምስክርነት አይታመንምና።

በዚህ ላይ «እድሳት ሥራ ያስቈማል፤ አንዳንድ ጊዜም የሚሠራውን ያበላሻል» የሚል ተቃውሞ መነሣቱን እናውቃለን። ተቃውሞው ውሸት አይደለም። እድሳቱ ሲደረግ መረቡ ለጥቂት ጊዜ መቋረጡ አይቀርም፤ በችኰላ የተደረገም እድሳት ችግር አምጥቶ ያውቃል። ነገር ግን መድኃኒቱ ጊዜ ለይቶ፣ የቀድሞውን አሠራር ቅጂ አስቀምጦ፣ በማታ ወይም በበዓል ቀን መሥራት ነው እንጂ መተው አይደለም። በገዛ ፈቃዳችን የምናቋርጠው አንድ ሰዓት፣ ሌባ ሳይጠይቀን ከሚያቋርጥብን ሳምንት ይሻላል። ደግሞም የኔዘርላንዱ ታሪክ እንዳሳየን፣ ፈጥኖ ያረመ ሁሉ ፈጽሞ አይደፈርም ማለት አይደለም፤ እርማት ከመውጣቱ በፊት የሚደርስ አደጋ አለ። ነገር ግን ድንገተኛ ጎርፍ አለ ተብሎ የታወቀውን የጣራ ቀዳዳ ሳይደፍኑ አይታደርም።

ይህን ሁሉ የጻፍነው ነገሩ ሩቅ ስላይደለ ነው። ዛሬ በአገራችንም ግብር በመረብ ይከፈላል፤ ገንዘብም በመረብ ይተላለፋል፤ ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በገጠር ያለው ሰው እንኳ ገንዘቡን በስልኩ ይልካል። የሕዝብ መታወቂያ፣ የሕክምና መዝገብ፣ የፍርድ ቤት ጉዳይ በኮምፒዩተር ውስጥ እየገባ ነው። የብራና መጻሕፍቱን በፎቶግራፍ አንሥቶ በኮምፒዩተር ያኖረ ደብር ወይም ገዳም ቢኖር፣ እርሱም ከዚህ ጉዳይ ውጭ አይደለም። ባለጉዳይ ስሙንና ንብረቱን ለመሥሪያ ቤት የሚሰጠው ባለሥልጣኑ ይጠብቅልኛል ብሎ ነው፤ አደራ የተቀበለውም ሹሙ ነው እንጂ ብረቱ አይደለም። አደራውም በጠፋ ጊዜ «መሣሪያ አቁሜ ነበር» የሚለው ቃል መልስ አይሆንለትም።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይላል የአገራችን ተረት። የዴንማርክ ኩባንያዎች ውሻ ጅቡ ከመምጣቱ አሥር ቀን አስቀድሞ ጮኾላቸው ነበር፤ የጎደለው ተነሥቶ በሩን የሚዘጋ ሰው ነው። እንግዲህ ይህን ጽሑፍ ያነበበ የመሥሪያ ቤት አለቃ ሁሉ ነገ ጠዋት ቢሮው ሲገባ አንድ ጥያቄ ብቻ እንዲጠይቅ እንለምነዋለን፤ «በር ጠባቂያችን መጨረሻ የታረመው መቼ ነው? የሚያርመውስ ማን ነው?» መልሱን ወዲያው የሚሰጠው ሰው ካገኘ እግዚአብሔር ይመስገን ይበል። ሁሉም እርስ በርሱ የሚተያይ ከሆነ ግን፣ በሩ ክፍት መሆኑን በዚያች ሰዓት ይወቅ።